ያዘዝነው ሚኒቫንና የመጣልን ሚኒቫን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጭሮ ከተማ ውስጥ ከቤቴ እስከ ገበያው ድረስ በሰላም መሄድ አልቻልኩም። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይከተላል። «ጋሽ ተስፋዬ፣ አዲስ ሚኒቫን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል፤ ሌላው ቪዲዮ ይከፍትልኛል። ቪዲዮው ውስጥ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ጣሪያው በራሱ ይከፈታል፣ መብራቱ እንደ ሠርግ ድንኳን ቀለም ይቀያይራል። እኔ ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ «ማን ነው የሚቀመጥበት?» ብዙዎቹ ይህን ስላቸው እንደ ጃጀ ሽማግሌ አይተውኝ ይሄዳሉ። ይሂዱ። እኔ ከእንግዲህ አብሬያቸው አዲስ አበባ አልሄድም። ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ያውም በደህና ጨርሻለሁ። ለመጻፍ የተነሳሁትም እንዴት በደህና እንደጨረስኩ ለመናገር ነው፤ ለጥቂት ጊዜ በደህና የምጨርስ አልመሰለኝም ነበርና።

በወረቀት ላይ መካኒክ ነበርኩ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሌላ ነው፤ ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አዲስ መኪና ሊገዛ የሚነሳ ሰው ይዞኝ ይሄድ ነበር። ሻጭ አይደለሁም። ደላላም አይደለሁም፤ ደላላ የሚሉኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አልወዳቸውም። ሥራዬ ገዢው ምን እንደሚያስፈልገው ከራሱ ከገዢው አፍ ማውጣት፣ ያንን ለሻጩ በሚገባው ቋንቋ መናገር፣ መኪናው ሲመጣም የታዘዘው መምጣቱን ማየት ነበር። ሲነገር ቀላል ይመስላል። አዲስ መኪና ፊት የቆመ ሰው ግን ግማሽ ልቡ አብሮት የለም። ለመቻራ ኮረኮንች ከፍ ያለ መኪና ሊያዝ ከቤቱ የወጣ ሰውዬ፣ የቆዳ ወንበር ሸቶት ሆዱ መሬት የሚልስ መኪና ሊፈርም ሲል እስክሪብቶውን ከእጁ የቀማሁበት ቀን አለ።

ሥራ የጀመርኩት የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ነው። ያኔ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ አሁንም ቶሎ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ከዚያ የቡና መሰብሰቢያ መኪኖችን እንድጠግን መቻራ መደቡኝ። መንገዱ ባሌስትራ ሲሰብር፣ እኔ ባሌስትራ ስቀይር ዓመታት አለፉ። አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ስለነበር እኛ አዳራሽ ውስጥ ስናንቀላፋ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ይጠብቁናል። ቀጥሎ ወደ ቆላው፣ ወደ አሰቦት ወረድኩ፤ እዚያ ደግሞ ጠላቴ ሙቀት ሆነ። የአሰቦቱ አለቃዬ የመለዋወጫ መጠየቂያ ሳያነብ ይፈርም ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ካየኋቸው አለቆች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ስለ ደመወዙ ባላነሳ ይሻላል፤ ባለቤቴ ከኔ በላይ ታስታውሰዋለች።

አስተማሪዬ ኦቦ ጀማል ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የጋራዡ ዋና መካኒክ ናቸው። እኛ ጎረምሶቹ መኪና ሲመጣ ተሻምተን ኮፈን እንከፍታለን፤ እሳቸው ሞተሩን ዞር ብለው አያዩም። የኋላውን በር ከፍተው ይገባሉ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የምሳ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው «ንዳ» ይላሉ። ከዚያ እስኪወርዱ ድረስ ቃል አይወጣቸውም። ሲወርዱ አቧራው በየትኛው ጎማ ማሸጊያ በኩል እንደሚገባ፣ ጭሱ ተመልሶ ማን አፍንጫ ላይ እንደሚያርፍ፣ ፍሬን ሲያዝ የማን ጉልበት ከየትኛው ብረት ጋር እንደሚጋጭ አንድ በአንድ ይነግሩናል። አንዴ ለምን ሞተሩን እንደማያዩ ጠየቅኳቸው። «ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ስለ ሞተሩ አስበዋል» አሉኝ። «የኋላ ወንበር ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ያሰበ ግን አላጋጠመኝም።»

አዲስ መኪና ሊገዛ የተነሳን ሰውም በዚሁ ነበር የሚቀጡት። መኪናው ወደፊት በሚሠራበት መንገድ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ከፍሎ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሄድና እንዲመለስ ያደርጉታል። ሳይሄድ የመጣ ገዢ እሳቸው ዘንድ ሰላምታ እንጂ ምክር አያገኝም። አንድ ትልቅ የጫት ነጋዴ አንድ ረድፍ ወንበር ልጨምር ብሎ ተነስቶ ነበር። መቻራ ደርሶ ሲመለስ እግሩን እየጎተተ ገባና «ኦቦ ጀማል፣ እንኳን ልጨምር ያለውንም ልንቀለው ነው» አላቸው። ሳቅን፤ እሱም አብሮን ሳቀ። መኪናው ሲመጣ ግን ከተማው ውስጥ ሰው የሚሻማበት መኪና ሆነ።

ኦቦ ጀማል የመኪና መሸጫ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እጃቸውን ወደኋላ ያጣምራሉ፤ መኪናውን በዓይናቸው እንጂ በእጃቸው አይነኩም። ሻይ ይቀርብላቸዋል፤ አይጠጡም። «ሻያቸውን ጠጥቼ መጨቃጨቅ ያሳፍረኛል» ይሉ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ግን ከመብሩክ ነው።

ይህን ለማያውቅ ልንገረው። እኛ አገር አዲስ ነገር የገዛ ሰው «መብሩክ» ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። መኪና ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ቁልፍ በሚቀበሉበት ቀን ዘመድ ይሰበሰባል። ሙስሊም ከሆነ ዱዓ ይደረጋል፣ ቴምር ይታደላል፤ ክርስቲያን ከሆነ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ይህ ከተደረገ በኋላ ይሄ ጎደለ፣ ያ ተጣመመ ማለት ነውር ነው። ነውር ብቻ አይደለም፤ ሰው ይፈራዋል። የተመረቀን ነገር መመለስ ምርቃቱን መግፋት ይመስለዋል። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ፤ እልልታው ሲቀልጥ ፈገግታቸው ይሰፋል። ኦቦ ጀማል ስለዚህ ዘመዶቹን ሁሉ ውጭ ያስቆሙ ነበር። «እኔ ሳልጨርስ መብሩክ ያለ ሰው መኪናውን እሱ ይግዛው!» ይላሉ። ምቀኛ ብለው የሚያሟቸው ዘመዶች ዛሬም ጭሮ ውስጥ አሉ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ምስጢር አይደለም፤ ከተማው ያውቀዋል። አብሮ አደጌ ግርማ የአሰቦት ገዳም ተሳላሚዎችን የሚያመላልስበት አዲስ ሚኒቫን ሊገዛ ተነሳ። ኦቦ ጀማል ታመው ስለነበር ብቻዬን አብሬው ሄድኩ። ቆላውን ስለማውቀው የኋላ መስኮቶቹ የሚከፈቱ እንዲሆኑ አጥብቄ አዝዤ ነበር። ቁልፍ የምንቀበል ዕለት የግርማ እህቶች ከአዲስ አበባ ድፎ ዳቦ ይዘው ቀድመውን ደርሰዋል። እኔ የፊቱን በር ከፍቼ ወደኋላ ሳልደርስ እልልታው ተጀመረ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽማግሌው መረቀ። ኋላ ስደርስ መስኮቱ ወጥ መስታወት ነው፤ እጀታም የለው፣ የሚንሸራተትም የለው። ግርማን ጎተት አድርጌ በጆሮው ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን ቁራሽ አየና «ተስፍሽ፣ ዳቦው እኮ ተቆርሷል» አለኝ። ሻጩም ከጎናችን ሆኖ ማቀዝቀዣ እንዳለው ነገረን። እኔም ዝም አልኩ።

ለገዳሙ ክብረ በዓል መኪናው ሞልቶ ቆላው ላይ እንደደረሰ ማቀዝቀዣው ቆመ። የፊት ተሳፋሪዎች መስኮት ከፈቱ። መጨረሻው ወንበር ላይ ተጣበው የተቀመጡት አሮጊቶች ግን እንደ ጨዋ ሰው አፍረው ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዷ የግርማ እናት ነበሩ። በሩ ሲከፈት ራሳቸውን ስተው ነበር። ተርፈዋል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ሲሳለሙት የኖሩትን ገዳም ዳግመኛ ሳያዩ አረፉ። ግርማ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ሰላምታችን ግን አጠረ፤ እስከ ዛሬም አጭር ነው። ቢወቅሰኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳልጨርስ መብሩክ ብሎብኝ አያውቅም። ኦቦ ጀማልም ሲሞቱ ምቀኝነታቸውን ለኔ አወረሱኝ። ዓመታት አለፉ፤ የጡረታ ወረቀቴ መጣ። በዚያው ሰሞን አዲስ የሚገቡት ሚኒቫኖች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሆኑ። እኔ ደግሞ የማውቀው ባትሪ ሞተር የሚያስነሳውን ነው። ዘመኑ ራሱ በቃህ አለኝ ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳልጠግበው ወይዘሮ ዘሃራ መጣች። ገበያው ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇ አብዲ መሰላ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ እግሮቹ መታዘዝ አቆሙ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዘሃራ ወንድም ኢብራሂም የጫት መኪና ሹፌርነቱን ትቶ አብዲን በጀርባው ይሸከማል። ወደ መስጊድ በጀርባው፣ ወደ ሐኪም በጀርባው፣ ፀጉር ሊያስተካክል በጀርባው። አብዲ ማስተማሩን ሊቀጥል ሞክሮም ነበር። ዊልቸሩን የሚሳፈሩበት መኪና ጣሪያ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ይጭኑታል፣ እሱን ኢብራሂም አዝሎ ያስገባዋል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ይጠጋጋል። ትምህርት ቤት ሲደርሱ ደግሞ ተማሪዎቹ ፊት ያው ጀርባ። ጥቂት ሄዶ አቆመ፤ ከቤት መውጣትም ተወ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ሆኖ ቦታውን ይዞለት ቆይቷል። በሚመጣው ዓመት ትምህርት ሲከፈት ካልተመለሰ ግን ሌላ አስተማሪ እንደሚቀጠር ነግሯቸዋል።

«ሱቄን ሸጫለሁ» አለችኝ ዘሃራ። «አዲስ ሚኒቫን ገዝቼ ኢብራሂም ከጭሮ መሰላ እየጫነ ይነዳዋል፤ ልጄም አብሮ ይመላለሳል። ይምረጡልኝ።»

«ዘሃራ፣ የዘንድሮዎቹ በባትሪ ነው የሚሄዱት። እኔ አላውቃቸውም» አልኳት።

«እኔ መች ስለ ባትሪው ጠየቅኩዎት? ልጄ እንዴት ይገባበታል? እሱን ይንገሩኝ።»

አፌን አስያዘችኝ። ቤቷ ሄድኩና አብዲን አገኘሁት። ዓይኑ ንቁ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነው። ለሁሉም የማቀርበውን ጥያቄ አቀረብኩለት፤ መኪናው ምን እንዲኖረው ትፈልጋለህ አልኩት። ብዙ አላሰበም። «ማንም ሳይነካኝ ልግባ፤ ማንም ሳይነካኝ ልውረድ። ሌላው ለኔ ያው ነው» አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የጠራ ትእዛዝ የሰጠኝ ገዢ የለም።

ግቢዬ ውስጥ መኪና ሠራን። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ የወለሉን ስፋት አሰመርኩ፤ በርጩማዎች ወንበር ሆኑ፤ በሩን በሁለት አጣና አቆምነው። አብዲ በዊልቸሩ እየገባ፣ እየዞረ፣ እየወጣ ሞከረ። መካከለኛው ረድፍ ላይ በበሩ በኩል ያለው ወንበር ካልተነሳ መዞር እንደማይችል አየን። የመግቢያ መወጣጫ ብዬ ያጋደምኩት ሳንቃ አጭር ስለነበር መጀመሪያ ወደኋላ ሊገለብጠው ነበር። ኢብራሂም ሮጦ ያዘው። ረጅም ሳንቃ ስናደርግ በራሱ ክንድ ወጣ። ኢብራሂም ግን ከአጠገቡ አልራቀም፤ ሳንቃው በመጣ ቁጥር ደስ ያለውም አይመስልም። «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? እኔ አለሁ አይደል?» ይላል ደጋግሞ።

አዲስ አበባ ሄደን አዘዝን። ሻጩ ናሆም የሚባል ትሑት ወጣት ነው። የመኪናውን ሥዕል ዘርግቶ ሲያስረዳን ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚተኛ ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ መሆኑን አየሁ። ለዚያ ወለል ስል ኤሌክትሪኩን ይቅር አልኩት። መካከለኛ ወንበሮቹ ለየብቻ የሆኑና የሚነቀሉ፣ የሚታጠፍ መወጣጫ፣ የበሩ ቋሚ ላይ መያዣ እጀታ፣ ዊልቸሩን ከወለሉ ጋር የሚያስር ቀበቶ አዘዝን። መጨረሻ ላይ የሚከፈቱ የኋላ መስኮቶች ጨመርኩ። ናሆም ይሄ ሁሉ የሚገኘው ቀለል ባለው ሞዴል ላይ ብቻ መሆኑን ነገረን። ቀለል ያለው ይሁን አልን።

ቆይቶ ተደወለልን፦ «መኪናችሁ ደርሷል፣ ኑ።» ዘሃራ፣ አብዲ፣ ኢብራሂም፣ አንድ ዘመዳቸው የሆኑ ሽማግሌ ሼህና እኔ ሆነን ሄድን። ዘሃራ ቴምሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። መሸጫው በር ላይ ናሆም እየሳቀ ተቀበለን። መኪናው ነጭ ነው፣ ያበራል። ውስጡ እንደ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን፣ የቆዳ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያ አለው። «የእናንተ ዘግይቷል» አለን ናሆም። «ትምህርት መክፈቻ እንደሚያስቸኩላችሁ ስለማውቅ አለቆቼን ለምኜ ፉል ኦፕሽኑን በዚያው ዋጋ አስፈቀድኩላችሁ። ስጦታ በሉት!»

ልጁ ከልቡ ነበር። ለዚህም ነው የከበደኝ። ኢብራሂም ጋቢና ገብቶ አንዱን ነገር ሲነካ ጣሪያው ተንሸራቶ ተከፈተ። «ማሻአላህ! ዘሃራ፣ ሰማዩን እዪው!» ብሎ ጮኸ። ዘሃራ ቋጠሮዋን ፈታች። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ቢስሚላህ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ መካከለኛውን ረድፍ አይቻለሁ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ወንበር ነው፤ ከወለሉ ጋር ታስሯል። መወጣጫም የለም። ክርስቲያን ሆኜ የሼህ ዱዓ ማስቆም ቀላል አይደለም፤ እንዲያው ሰው ሆኖም ቀላል አይደለም። የግርማ እጅ ላይ የነበረችው ቁራሽ ዳቦ ግን ዓይኔ ላይ መጣች። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ዱዓው ትንሽ ይቆይ» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ኢብራሂም ከጋቢና ወረደ። «ጋሽ ተስፋዬ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ዱዓ ይቆረጣል እንዴ?»

«አልተጀመረም እኮ። መጀመሪያ አብዲ ይግባ፤ ከገባ በኋላ ዱዓው ይደረግ።»

«እሱማ ይገባል!» ብሎ ኢብራሂም አብዲ ፊት ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጠው።

«ቆይ ኤሱማ» አለ አብዲ፤ የእናት ወንድም በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራው። ዊልቸሩን ራሱ እየገፋ በሩ ድረስ ሄደ። ጉልበቱ ከበሩ ደፍ ጋር ተጋጨና ቆመ። ውስጡን አየው፤ የቆዳውን ወንበር፣ ስክሪኑን፣ ጣሪያውን። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ናሆም ያኔ ገባው መሰለኝ፣ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ታዲያ ምንድን ነው? እኔ አለሁልህ አይደል? ወላሂ ደክሞኝ አያውቅም!» አለ ኢብራሂም።

«ጀርባህን ጠልቼ አይደለም፣ ኤሱማ። ግን አንተ ታመህ በቀረህ ቀን ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። ጤነኛ በሆንክበት ቀን ደግሞ አስተማሪያቸው ታዝሎ ሲገባ ያያሉ። እኔ እየገፋሁ ልግባ፤ ቢዘገይም ልጠብቅ።»

ዘሃራ ያዘዝነው መቼ እንደሚደርስ ናሆምን ጠየቀችው። ቁርጡን እንደማያውቅ፣ ምናልባት ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ሊሆን እንደሚችል ነገራት። ወደ እኔ ዞረች። ሱቋ ተሸጧል፤ መክፈቻው ደርሷል፤ የልጇ ቦታ በአንድ ርዕሰ መምህር ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል። በጊዜው ይደርሳል ብላት ውሸት ነው፤ ይሄኛው ይሆነዋል ብላትም ውሸት ነው። «ላታልልሽ አልችልም፤ እኔም አላውቅም» አልኳት። ልጇን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቴምሩን መልሳ ቋጠረችው።

ሼሁ የዘረጉትን እጅ አላጠፉም ነበር። «ለመኪና ብቻ ነው እንዴ ዱዓ የሚደረገው? ለሰብርም ይደረጋል» አሉና ትዕግሥት እንዲሰጠን ለመኑልን። እኔም አሜን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

የመጠበቁ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ኢብራሂም አላናግር አለኝ። ወደ ጭሮ ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አብዲን አዝሎ ሲወጣና ሲወርድ ይህም ባንተ ነው በሚል ዓይን ነበር የሚያየኝ። ትምህርት ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ጊዜያዊ አስተማሪ አስገባና ጥቂት ልጠብቃችሁ አለ፤ ጥቂት ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሌሊት እየተነሳሁ ግቢውን እዞራለሁ። ባለቤቴ «ጡረታ የወጣኸው ለማረፍ መስሎኝ» ትለኛለች። አንዱን ሰው ዝም ብዬ በደልኩ፤ ይህችን ሴት ደግሞ ተናግሬ በደልኳት ይሆን እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ናሆም ጋ ከመደወሌ ብዛት ስልኩን ሲያነሳ ሰላምታ ትቶ «ገና ነው ጋሼ» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት እሱ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ ይምጡ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ነክቼ አይቻቸዋለሁ» አለኝ።

ያው አምስታችን ሄድን። መኪናው ግራጫ ነው፣ ስክሪንም የለው፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። እጄን ወደኋላ አጣምሬ ዞርኩት። የኋላ መስኮቱን ናሆም ገፋ ሲያደርገው ተንሸራተተ። በበሩ በኩል ያለው መካከለኛ ወንበር ተነቅሎ ቦታው ባዶ ነው። መወጣጫው ከበሩ ሥር ወጥቶ ተዘረጋ። አብዲ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ተንደረደረና ወጣ፤ ውስጥ ገባ፤ ዞረ፤ ቀበቶውን ሲያስር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ከውስጥ ድምፁ መጣ። «ሀርሜ፣ ቴምሩ የታለ?» አላት እናቱን። ዘሃራ ቋጠሮውን መፍታት አቅቷት በጥርሷ ቀደደችው። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ «መብሩክ» ተባለ፤ እኔ ሽማግሌው ሰውዬ መሸጫው መካከል ቆሜ አለቀስኩ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ መሰለኝ። ናሆም ሻይ አመጣልኝ፤ ጠጣሁት፤ አስደገምኩትም።

ከዚያ ወዲህ ለማንም መኪና አስመርጬ አላውቅም፤ አላስመርጥምም። ሰው ሥራውን የሚተውበት ጥሩ ቀን ካለ እኔ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ርዕሰ መምህሩ የአብዲን ቦታ ይዞ ጠብቆት ነበርና፣ መጀመሪያ ወደ መሰላ በሄዱበት ጠዋት ዘሃራ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝ። መኪናው ተሳፋሪ ሞልቷል፤ ገበያተኛው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል፤ አብዲን ማንም ከንፈር አልመጠጠለትም፤ አንዷ ሴት እንዲያውም ዘንቢሏን ያዝልኝ ብላ ሰጠችው። ኢብራሂም በጣም ቀስ ብሎ ነዳ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመና ከጋቢና ዘሎ ወረደ። እየሮጠ ዞሮ መጣ። ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ ጀርባውን ወደ እኛ ሰጠ፣ እጆቹን ወደኋላ ዘረጋ። ማንም ና አላለውም። ዘሃራ ልትናገር ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አብዲ ዘንቢሉን ለሴትየዋ መለሰ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ መወጣጫውን ዘረጋ። በኢብራሂም ጎን ወረደ። ልጆች ከየአቅጣጫው እየጮሁ ከበቡት፤ አብረውት ወደ ክፍሉ ገቡ። ኢብራሂም አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ወደኋላ እንደዘረጋ ነው። ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሄደ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ሄደ» አልኩት።

እጆቹን ቀስ ብሎ ወደፊት መለሰ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውንም መኪናው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከክፍሉ ውስጥ የአብዲ ድምፅ የተማሪዎቹን ስም እየጠራ ነበር።